ሁሉም ሲስማማ የሚሸጥ አክሲዮን

ሐምሌ ላይ ስዊድን ውስጥ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። መንገዱ ክፍት ነው፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ፀሐይዋም አትጠልቅም ማለት ይቻላል፤ ሰው ብቻ የለም። ሐኪሙ የለም፣ ቧንቧ ጠጋኙ የለም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊም የለችም። ዓመቱን ሙሉ የሚታቀደውና የሚናፈቀው ያ ወር ነው። በዚያ ወር ሰውን ደውሎ ስለ ጉዳይ ማነጋገር የተኛበት ገብቶ ብርድ ልብሱን ከላዩ ከመግፈፍ አይተናነስም።

ዳግኒ ኖርሊንግ ግን በዚያ ሐምሌ ስልክ ደወለች። መጀመሪያ እጀታውን አንስታ መለሰችው። ዕቃ አጠበች። እንደገና አንስታ መለሰችው። ከዚያ ደወለች።

ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነው። ኦስፎርስ በምትባል፣ በጫካና በእንጨት መሰንጠቂያ በምትኖር ትንሽ ከተማ ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየዞረች ትንከባከባለች፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ቆማ ታስውጣለች። በፈረንጆች አዲሱ ሺህ ዓመት የገባበት ዓመት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች ቁርስ አብልታ ወደ ቤቷ ጎራ አለችና ቴሌቪዥኑን ከፍታ የጽሑፍ ገጹን አወጣች። በጥቁሩ መስኮት ላይ የአክሲዮን ዋጋዎች ተደርድረዋል። ኖርሸርና የሚለውን ስም ፈለገች። ወርዷል። ትናንትም ወርዶ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ ሲወርድ ነው የከረመው፤ አሁን ግን መውረድ ሳይሆን መንከባለል ሆኗል።

የአክሲዮን ማኅበራቸው ገንዘብ ያዥ ጉንቦርግ ቤት ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያም የጉንቦርግ ድምፅ ከመቅጃው ወጣ፦ «ሰሜን ነን፣ ተራራ ላይ። ነሐሴ አጋማሽ እንመለሳለን። መልካም በጋ!»

ዳግኒ መልእክት ልትተው አፏን ከፈተች። ምልክቱ ጮኸ። «እ... ዳግኒ ነኝ። ምንም አይደለም። መልካም በጋ» ብላ ዘጋችው።

ምንም አይደለም! የአባቷ ቤት በእጇ እየሟሟ፣ «ምንም አይደለም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በሐይቁ ዳር በእጁ የሠራት ጎጆ አለች፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጓዳ፣ ከኋላዋ የእንፋሎት መታጠቢያ። አባትየው ሲሞት ለዳግኒና ለወንድሟ ለሂልዲንግ እኩል ደረሰች። ሂልዲንግ ጎተንበርግ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱን ፈቷል፣ ገንዘብ ቸግሮታል፣ ከሐይቁ ውስጥ አንድ ዓሣ እንኳ ካወጣ ዘመን ሆኖታል። ክፉ ሰው አይደለም። «ወይ ግማሼን ግዢኝ፣ ወይ ለሌላ እንሽጣት። እስከ መስከረም መጨረሻ እጠብቅሻለሁ» አላት። ዳግኒ ለዚያ ስትል ከደመወዟ ስትቆጥብ ኖራለች። ያ ቁጠባ ነው አሁን በቴሌቪዥኑ ጥቁር መስኮት ላይ የሚንከባለለው።

እንዴት እዚያ ገባ? በጥናት ገባ። በዚህ አገር ሰው የሚሳሳተው ተምሮ ነው።

ካቻምና መኸር ላይ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የጥናት ክበብ ተከፈተ፦ «አክሲዮን ለጀማሪዎች»። በዚህ አገር ለሁሉም ነገር የጥናት ክበብ አለ፤ ለንብ ማነብ፣ ለሽመና፣ ለጣልያንኛ። ክበቡን የሚመራው ሮላንድ ነበር፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ከተማው ሙሉ የሚወደው ሰው። ግማሹን ከተማ አስተምሯል፤ እንደ ማንኛውም ሰው ግን አንተ ነው የሚባለው፣ አንቱ ብትለው ታምመሃል ወይ ይልሃል።

«የኦስፎርስን እንጨት መሰንጠቂያ አሥር ሺህ ቦታ ቆራርጣችሁ አስቡት» አላቸው በመጀመሪያው ምሽት። «አንዱን ቁራጭ የያዘ ሰው የመጋዙም፣ የግንዱም፣ የዕዳውም አሥር ሺህኛ ባለቤት ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ከትርፉ ይደርሰዋል። ሌላው ሰው ቁራጩን ሲመኘው ዋጋው ይወጣል፤ ሌላው ሰው ሲሸሸው ይወርዳል። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።»

«እኔ የምሳ ቤቱን ቁራጭ ልያዝ» አለ አልጎት፣ ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሹፌር። «መጋዙን ለጉንቦርግ ስጧት፤ ከምላሷ ጋር ይስማማላታል።»

«አንተ ዕዳውን ያዝ፣ የለመድከውን» አለችው ጉንቦርግ። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ያረጀች ሴት ናት፣ መልስ አይቸግራትም።

ሮላንድ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ደንቦቹን አንድ በአንድ ነገራቸው። በሚመጣው ዓመት የምትፈልጉትን ገንዘብ አታስገቡ። ያላችሁን ሁሉ አንድ ድርጅት ላይ አትከምሩ። ምን እንደሚሠራ ለጎረቤታችሁ ማስረዳት የማትችሉትን ድርጅት አትግዙ። ስትገዙ የምትሸጡበትንም አብራችሁ ወስኑ፤ ዋጋው ከአምስት እጅ አንዱ ከጎደለ ሽጡ፣ አታልቅሱበት፣ መለስ ብላችሁም አትዩት።

ደንቦቹ ምንም አይወጣላቸውም። ዛሬም ለጀማሪ የሚነገረው ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች አልተነገራቸውም፣ አላወቁም የሚል ካለ ይዋሻል። በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ክበቡ ሲያልቅ መለያየት አሳዘናቸውና የአክሲዮን ማኅበር መሠረቱ። በየወሩ እኩል እያዋጡ አብረው ሊገዙ፣ አብረው ሊሸጡ። መተዳደሪያ ደንብ ሲያወጡ ሮላንድ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ መግዛትም መሸጥም በስብሰባ፣ ሁሉም ሲስማማ ብቻ ይሁን። በድምፅ ብልጫ ማንም አይረገጥ። ከስብሰባው በኋላ ሮላንድና ጉንቦርግ ይፈርማሉ። አክሲዮን ሲሸጥ የፈለገ የድርሻውን ገንዘብ ወዲያው ይወስዳል፤ ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው ግን የዓመቱን መጨረሻ ይጠብቃል። አጨበጨቡ። ዳግኒም አጨበጨበች። ደስ የሚል ነገር ነው እኮ፤ ተሰብስቦ፣ የቀረፋ ዳቦ በልቶ፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ገንዘብ ማግኘት።

ኖርሸርናን የገዙት በታኅሣሥ ነው። ስሙ የሰሜን ኮከብ ማለት ነው፤ ስቶክሆልም ያለ፣ ከስልክና ከኮምፒዩተር ጋር አንድ ነገር የሚያደርግ ድርጅት።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አለ አልጎት።

«መፍትሔ ይሸጣል» አለ ሮላንድ፣ ከጋዜጣው ላይ እያነበበ።

«የምን መፍትሔ?»

«አልተጻፈም።»

ተሳሳቁ። ለጎረቤት ማስረዳት ያልቻሉትን እንዳይገዙ የተነገራቸው ሰዎች፣ እርስ በርስ ጎረቤታሞች ሆነው፣ አንዳቸው ለአንዳቸው ማስረዳት ሳይችሉ ገዙት። የሚቃወም አለ ወይ ተባለ፤ የሚቃወም አልነበረም። ዋጋው ወጣ። በጥርም ወጣ። ሌሎቹን አክሲዮኖቻቸውን ሸጠው እሱኑ ጨመሩ፤ የሚቃወም አለ ወይ፣ የለም።

ዳግኒ የጎጆዋን ገንዘብ ያስገባችው ያኔ ነው። ስግብግብ ሆና አይደለም። የቤት ደላላው ለሂልዲንግ ደውሎ ኖርዌዮች በሐይቁ ዳር ያገኙትን ሁሉ እየገዙ ነው፣ ዋጋው ከአምና በጣም ጨምሯል አለው። ሂልዲንግም ለእህቱ ደወለላት። እሷ ስትቆጥብለት የኖረችው ግማሽ፣ ያለ ምንም ጥፋቷ፣ ካጠራቀመችው አልፎ ሄደ። ባንክ የሚሰጣት ወለድ አንድ ኪሎ ቅቤ ቢገዛ ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን እናት ስታጥብ የኖረች ሴት የገዛ አባቷን ጎጆ ለመግዛት ቁማር ከሚመስል ነገር በቀር መንገድ ካልተተወላት፣ «ደንቡን ጥሳለች» ብሎ ጣት መቀሰር ለማን ያምራል? ተጨማሪ ማስገባት የሚፈልግ ያስገባ በተባለበት ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። የሰውን ገንዘብ ነገር መጠየቅ ነውር ነው።

በመጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በዚያው በቴሌቪዥኑ ገጽ፣ ድርሻዋ የሂልዲንግን ግማሽ ሞላ። ሞላ! ዳግኒ ወጥ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ቆማ አንድ ጊዜ ሳቀች። በስብሰባውም ተራዋ ሲደርስ «ምናልባት... ትንሽ ብንሸጥስ?» አለች።

«ደስ የሚል ሐሳብ ነው» አለ ሮላንድ። «ሌሎቻችሁስ?»

«ስንሸጥ የሚቆረጠው ግብር አለ» አለች ጉንቦርግ።

«በሚሮጥ ፈረስ ላይ ተቀምጠሽ ልውረድ ትያለሽ?» አለ አልጎት።

«እንደፈለጋችሁ» አለች ዳግኒ።

በዚህች አንዲት ቃል የደረሰባትን ጠላቷም አላደረሰባትም።

እንግዲህ ሐምሌ። ጉንቦርግ ተራራ ላይ ናት። ሮላንድ ደግሞ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ስልክም መብራትም በሌለበት የዓሣ አጥማጅ ቤቱ ነው። ዳግኒ ይህን ስታስብ ሰነበተችና የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልትመለስ አሰበች።

ሮላንድ ቁምጣ ለብሶ፣ ጀልባውን ገልብጦ ቀለም ሲቀባ አገኘችው።

«ዳግኒ! ምን ነካሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ተመስገን። ጫማሽን አውልቂ፣ ድንጋዩ ይሞቃል።»

ጫማዋን አወለቀች። «ኖርሸርና» አለች።

ሮላንድ ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመው። «እኔ አላየሁም። እዚህ ቴሌቪዥን የለኝም፤ የመጣሁትም ለዚያ ነው።»

«ከግማሽ በታች ሆኗል።»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ከአምስት አንድ እጁ ሲጎድል እንሸጣለን ብለን ነበር። አንተ ነህ ያስተማርከን።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ፤ ጥሩ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው እንሽጥ።»

ሮላንድ ወደ ውኃው አየ። «እኔን ብትጠይቂኝ ዛሬውኑ እሸጥ ነበር። በግሌ ማለቴ ነው። ግን እኔ ማን ነኝ? የጉንቦርግ ፊርማ አለ፣ የስብሰባ ውሳኔ አለ። እኔ ብድግ ብዬ ሸጬ፣ በማግስቱ ዋጋው ቢወጣ ለአልጎት ምን ልለው ነው?»

«ከተማ እንግባና ለጉንቦርግ ደውልላት። የልጇ ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ።»

«ዳግኒ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ በስብከት መሀል የሚያወራን ሰው እንደሚገሥጽ። «እረፍት ላይ ናት እኮ።»

ዳግኒ እግሯን አየች። እረፍት ላይ ናት።

«ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ እናደርገዋለን፣ ቃሌ ነው» አለ ሮላንድ፤ እውነቱን ነበር፣ በቃሉ የሚገኝ ሰው ነው። ከዚያ ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም አላት። አዲስ ድንች ቀቀለ፣ ሄሪንግ የሚሉትን ትንሽ ዓሣ ጠበሰ፣ ቅቤውን አቀረበ። ደግ ሰው ነው። ከዚህ ዓይነት ደግነት ማምለጥ አይቻልም፤ ክፉ ቢሆን ተጣልታው ትሄድ ነበር።

«የእናንተስ ጎጆ ዘንድሮ እንዴት ናት?» አላት ድንቹን እየላጠ።

ጠየቃት። በገዛ አፉ ጠየቃት። ዳግኒ ሹካዋን አስቀመጠች። የምትነግረው ሁሉ ተሰናድቶ ነበር፦ ሂልዲንግ፣ ኖርዌዮቹ፣ መስከረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው። ግን አንድ ሰው ሐምሌ ላይ፣ በሰው ቤት፣ በሰው ምሳ ላይ የራሱን ጭንቀት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል?

«ደህና ናት» አለች። «ጣሪያዋ ትንሽ ያፈሳል።»

«ጣሪያ መቼም...» አለ ሮላንድ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰው ሁሉ ፀሐይ ጠብሶት ተመለሰ። ስብሰባው በተለመደው ምድር ቤት ተጠራ። ሮላንድ ቃሉን አክብሮ ኖርሸርናን የመጀመሪያ አጀንዳ አደረገ፤ የመጀመሪያ ማለት ስብሰባው መከፈቱ ከተገለጸ፣ አጀንዳው ከጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ የሚያረጋግጥ ሰው ከተመረጠ በኋላ ነው። የተመረጠችው ዳግኒ ናት። ከዚያ ቡና ተቀዳ። ዋጋው በሐምሌ ከነበረበትም ወርዶ፣ የዳግኒ ድርሻ የሂልዲንግን ግማሽ ለመግዛት ከሚያስፈልገው ሩቡን እንኳ አይሞላም፤ ግን ያን ቀን እንኳ ቢሸጥ፣ የቀረውን ባንክ ሊያበድራት ይችል ነበር። ጠይቃለች። ከዚህ በላይ ከወረደ ግን አይሆንም ብለዋታል። ይህን በሆዷ ይዛ ነው የተቀመጠችው።

«የሰሜን ኮከባችን ወደ ደቡብ ወረደች አይደል?» አለ አልጎት፤ ሳቁ።

ሮላንድ በተራ ጠየቃቸው። ጉንቦርግ አሁን መሸጥ ኪሳራውን መቀበል ነው አለች፤ ካልሸጡት ግን ገና አልከሰሩም። ይህ ዕብደት ነው። ዋጋው የወረደ ነገር ሸጥከውም አልሸጥከውም ወርዷል፤ ይህንንም በመጀመሪያው መኸር ተምረውታል። ማንም ግን «ጉንቦርግ፣ ተሳስተሻል» አላላትም፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ሰውን ተሳስተሃል አይለውም። ይህን ጨዋነት ይሉታል። ተሳስተሃል ከማለት አብሮ መስመጥን የሚመርጥ ጨዋነት! አልጎት እንደሁኔታው አለ። ከዚያ ዳግኒ ተራዋ ደረሰ።

ቀና አለች። ሁሉም በደግ ዓይን አዩዋት።

«እኔ... መሸጥን ማሰብ የሚቻል ይመስለኛል» አለች። «ምናልባት።»

«በጣም ጥሩ አስተያየት ነው» አለ ሮላንድ፤ ከልቡ ነው ያለው። «እንግዲህ ሐሳቦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ማንንም መጫን የለብንም። ጉንቦርግና አልጎት ነገሩን አጥንተው በጥቅምት ስብሰባ ሪፖርት ቢያቀርቡልንስ? ተስማምተናል?»

«አዎ» አለች ጉንቦርግ።

«አዎ» አለ አልጎት።

አዎ፣ አዎ እያለ ዙሪያውን መጣ። ዳግኒ ዘንድ ደረሰ። ወንበር ተንቀጫቀጨ። አንዲት እምቢ ከጉሮሮዋ ብትወጣ ስብሰባው በሙሉ ይቆም ነበር፤ ደንቡ ያንን ሥልጣን ሰጥቷታል። እንድትጠቀምበት ያስተማራት ግን ማን አለ? ሁሉም የሚጠብቁት እሷን ነው፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው፣ ሮላንድ በትዕግሥት ፈገግ ብሏል።

«አዎ» አለች።

ሮላንድ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። ቃለ ጉባኤው ሲደርሳት አነበበችው። ትክክል ነበር፣ ፈረመችበት።

ጥቅምት ሳይመጣ ኖርሸርና ከስሮ ከአክሲዮን ገበያው ተሰረዘ። በመስከረም መጨረሻ ሂልዲንግ ደወለ። «ሞላልሽ?» አላት፤ ድምፁ ውስጥ እንዲሞላላት የሚመኝ ነገር ነበር። አልሞላም አለችው። «ባንኩስ?» ባንኩም። «ኖርዌዮቹ ጥሩ ሰዎች ይመስላሉ» አለ ሂልዲንግ። «መቼ ይምጡ?» አለች ዳግኒ።

የጎጆዋን ዕቃ ለማውጣት የጭነት መኪና ያለው አልጎት ነበርና እሱን ለመነችው። ምን እንደሚጭን ብቻ ነበር የነገረችው። አልጎት በጠባቡ የጥድ መንገድ ነድቶ መጣ፣ ወረደ፣ የተከመረውን አልጋ፣ ወንበር፣ መረብ፣ ባዶውን መስኮት አየ።

«ምንድን ነው ይሄ? ጎጆዋን ልታሳድሺያት ነው?»

«ተሽጣለች።»

«ለማን?»

«ለኖርዌዮች።»

አልጎት ባርኔጣውን አወለቀ። ማስላት የማይችል ሰው አይደለም፤ በጥር ወር ያስገባችውን ተጨማሪ መዋጮ አሰበ፣ የመጋቢቱን «ትንሽ ብንሸጥስ» አሰበ፤ ፊቱ እየቀላ ሄደ።

«ዳግኒ፣ ያ ገንዘብ... ለዚህች ነበር?»

«አዎ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪን! በእግዚአብሔር፣ አንድ ቃል እንኳ!»

«ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

አልጎት መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ቀልደኛው አልጎት፣ ቃል የማይጠፋው። ወደ ሐይቁ አየ፣ ወደ መኪናው አየ፣ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

«ስብሰባ እንጠራ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ሲለው አልሳቀም።

ዕቃውን ጫኑ። የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነበር፤ አባትየው እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ የገጣጠመው የጥድ ጠረጴዛ። በጎን ሞከሩት፣ በቁመት ሞከሩት፣ በበሩ አልወጣም።

«እግሮቹን ልቁረጣቸው?» አለ አልጎት። «መጋዝ አለኝ። ቤት ስትደርሺ መልሼ እገጥምልሻለሁ።»

ዳግኒ ጠረጴዛውን ዳሰሰችው። አንድ ጊዜ በዕድሜዋ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ማንም ሳይስማማ፣ ብቻዋን የምትወስነው ነገር ቀርቦላት ነበር።

«አንተ ምን ይመስልሃል?» አለችው።